«ታይፎይድ አልለቃት አለ» ለምትሉ ባለትዳሮች

«ዶክተር፣ ባለቤቴን ታይፎይድና ታይፈስ እየተመላለሰ አስቸገራት፤ ገርጂ ሄድን፣ ሰሚት ሄድን፣ ሲኤምሲ ሄድን።» ቦሌ አካባቢ የምንሠራ ሐኪሞች ይህን ደጋግመን እንሰማለን። በፌስታል የመጡት ወረቀቶች ሲገለጡ አብዛኞቹ የዊዳል ውጤቶች ናቸው።

ዊዳል እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው። የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ስለዚህ የቆየ ኢንፌክሽን፣ ክትባት ወይም ሌላ በሽታ «ፖዘቲቭ» ሊያደርገው ይችላል። የተሻለው ማረጋገጫ አንቲባዮቲክ ሳይጀመር የሚወሰድ የደም ካልቸር ነው።

በዊዳል ውጤት ብቻ ታይፎይድ ነው ተብሎ ደጋግሞ ሲታከም ግን እውነተኛው ምክንያት፣ ለምሳሌ ቲቢ፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ሉፐስ ወይም ድብርት ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።

ምን ታድርጉ?
✅ ትኩሳቱን በቴርሞሜትር ለኩ፤ ቀንና ሰዓቱን መዝግቡ።
✅ የቀድሞ ውጤቶችንና የተወሰዱ መድኃኒቶችን ስም በአንድ ፋይል ያዙ።
✅ ወደ መተሃራ ወይም ሌላ ቆላ ቦታ ተጉዛ ከሆነ ተናገሩ፤ ወባ ሊሆን ይችላል።
✅ ክሊኒክ ከመቀያየር አንድ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይከታተላት።

ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ አትዘግዩ፤ የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። እባካችሁ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሌላ ዙር አንቲባዮቲክ (ለምሳሌ ሲፕሮ) አታስጀምሯት።