ልጆቻችን በየትኛው ቋንቋ ያዋዩናል?

እሁድ ከአምልኮ በኋላ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ካሉት የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ደጃፍ ጥቂት ቆም ብላችሁ ብታዳምጡ አንድ ነገር ትታዘባላችሁ። ወላጆች በአማርኛ ይጠይቃሉ፤ ልጆች በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። «እህትህ የት ሄደች?» ሲባል ረጅምና ፈጣን የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ይከተላል። አባትም የገባውን ያህል ሰምቶ፣ ያልገባውን በፈገግታ አልፎ መኪናውን ያስነሳል። ልጁ አማርኛ አይሰማም ማለት አይደለም። ይሰማል፤ ግን አይናገርም።

ልጁ የአምስት ዓመት ሳለ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ እንዲያውም ያስቃል። የአሥራ አራት ዓመት ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ወላጆች ታክሲ ለመንዳት፣ በሱቅ ለመሥራት ወይም በሽተኛ ለማስታመም የሚበቃ እንግሊዝኛ አላቸው። ልጃቸው በትምህርት ቤት ሲዋረድ ለማጽናናት፣ ስለ ወንድና ሴት ጓደኝነት በግልጽ ለመነጋገር፣ ስለ እምነት ጥርጣሬው አብረውት ለመወያየት ግን ያ እንግሊዝኛ አይበቃም። የልጁም አማርኛ «ብላ፣ ተኛ፣ ቶሎ በል» ከሚለው አያልፍም። ስለዚህ በአንድ ቤት እየኖሩ የልባቸውን የሚነጋገሩበት ቋንቋ ያጣሉ። ልጁም ምስጢሩን ወደ ጓደኞቹ ይወስዳል። «ልጄ ተለወጠብኝ» የሚሉ ወላጆች ሁሉ ችግራቸው ቋንቋ ብቻ ነው አልልም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፈው እርሱ ነው።

ይህ በእኛ የተጀመረ አይደለም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ያስተማሩት ሊሊ ዎንግ ፊልሞር የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ከሚኖሩ ከአንድ ሺህ በላይ ቤተሰቦች የተገኘ መረጃ አቅርበዋል። ሕፃናት ገና የቤታቸው ቋንቋ ሳይጠና እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት መዋያ ሲገቡ ቋንቋቸውን በፍጥነት እንደሚተዉ ያሳያል። ምሁሯን ከሁሉ በላይ ያሳሰባቸው ወላጆች ምክርን፣ ሥነ ምግባርንና የሕይወት ልምድን ለልጆቻቸው የሚያስተላልፉበት መንገድ መዘጋቱ ነበር።

እስራኤል የገቡት ወገኖቻችንም ይህን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን ተጓጓዙ። ልጆቹ ዕብራይስጥን ፈጥነው ለመዱ፤ በአገር ቤት የተከበሩ ሽማግሌዎች ግን በልጅ ልጆቻቸው ፊት አስተርጓሚ የሚሹ ሆኑ።

«ይምታታበታል» የሚለው ስጋት

ብዙ ወላጆች አማርኛ መናገር የሚተዉት ልጁን ስለሚወዱ ነው። ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል፣ በትምህርቱ ወደ ኋላ ያስቀረዋል ብለው ይፈራሉ። አንዳንድ አስተማሪም ይህንኑ ይመክራቸዋል። ይህ ምክር ጊዜው ያለፈበት ነው። ኤልዛቤት ፒል እና ዋላስ ላምበርት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 በሞንትሪያል የአሥር ዓመት ልጆችን ፈትነው፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አጣርተው የሚያውቁት አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያውቁት በልጠው እንጂ አንሰው አላገኟቸውም። ይህ ብልጫ በሁሉ ዘንድ የሚታይ ነው ወይ በሚለው ላይ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሁለት ቋንቋ የልጅን አእምሮ ይጎዳል የሚለው ግን ተረጋግጦ አያውቅም።

አንድ ልጅ «ውሃ»ን በአማርኛ፣ ወተትን በእንግሊዝኛ ቢጠራ ሁለት ነገር አወቀ እንጂ አልተምታታም። እንግሊዝኛውን ብቻ ቆጥረን «ዘገየ» ማለት ግማሽ ሀብቱን አለመቁጠር ነው። በማያሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በስፓንኛና በእንግሊዝኛ በሚያድጉ ሕፃናት ላይ የታተመ ጥናት ሁለቱ ቋንቋዎች አብረው ሲቆጠሩ ልጆቹ ከእኩዮቻቸው እንደማያንሱ አሳይቷል። በእርግጥ የሚዘገዩ ልጆች አሉ፤ እነርሱ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ። የመዘግየቱ ምክንያት ግን አማርኛው አይደለም።

እናት ልጇን ለመርዳት ብላ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስታነጋግረው ደግሞ የምትሰጠው ያላትን ሙሉ ቋንቋ ሳይሆን ከሁለቱ ደካማውን ነው። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤቱ፣ ቴሌቪዥኑና መንገዱ ይሰጡታል። አማርኛውን የሚሰጥ ሌላ የለም።

ባልና ሚስት

በዚህ ጉዳይ ከልጆቹ በፊት መነጋገር ያለባቸው ባልና ሚስት ናቸው። አንዱ «እንግሊዝኛው ይቅደም» ይላል፤ ሌላው «እናቴ ስትደውል ምን ይበላት?» ይላል። ካልተስማሙ ልጁ ቀላሉን ይመርጣል፤ ቀላሉም ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ደግሞ በብዙ ቤት ጥያቄው ከዚህ ይሰፋል፤ አባት ኦሮምኛ፣ እናት አማርኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ የሆኑባቸው ትዳሮች ብዙ ናቸውና። ዡል ሮንዣ የተባለ ፈረንሳዊ የቋንቋ ምሁር ከጀርመናዊት ሚስቱ ጋር እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቋንቋ ብቻ ልጃቸውን እያነጋገሩ አሳድገው እ.ኤ.አ. በ1913 ልምዱን በመጽሐፍ አሳተመ። ልጁም ሁለቱን ቋንቋ አቀላጥፎ ተናገረ።

መንገዱ መልካም ነው፤ ግን ሮንዣ የሌሊት ፈረቃ አልነበረበትም! አባት በሳምንት ልጁን ነቅቶ የሚያገኘው ጥቂት ሰዓት ከሆነ የእርሱ ቋንቋ በዚያ ብቻ አይጸናም። የሚወስነው ልጁ ቋንቋውን የሚሰማበት የሰዓት ብዛትና የሚያስፈልገው ሰው መኖሩ ነው። እንግሊዝኛ የማታውቅ አያት በቤት ካለች ከማንኛውም መጽሐፍ ትበልጣለች።

ልጅ አስተርጓሚ ሲሆን

የወላጆችን ስብሰባ ልጁ ራሱ ሲያስተረጉም አስቡት። ዝቅተኛ ውጤቱ በመንገድ ላይ ከፍ ብሎ ይደርሳል! ይህስ ያስቃል፤ በሐኪም ፊት የእናቱን የማኅፀን ሕመም የሚተረጉም የአሥር ዓመት ልጅ ግን አያስቅም። ያን ሸክም መሸከም የለበትም፤ እናቱም ሙሉውን አትናገርም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃናትን በአስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። የዲሲ ከተማም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን አካቷል። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አያሳፍርም።

በቤተ ክርስቲያንስ?

አንዳንድ ሰባክያን የነህምያን 13ኛ ምዕራፍ ጠቅሰው የአይሁድን ቋንቋ መናገር ያቃታቸውን ልጆች ያነሡና ወላጆችን ይገሥጻሉ። መገሠጹ ባይከፋም ሌላውንም ገጽ እናንብብ። በእስክንድርያ የኖሩ አይሁድ ግሪክኛ አፍ መፍቻቸው ሲሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የኦሪት መጻሕፍት ወደ ግሪክኛ መተርጎም ጀመሩ፤ የሰባ ሊቃናት ትርጉም የምንለው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ደግሞ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻችን ተረሱ ብለው ሲያጉረመርሙ ለአገልግሎቱ የተመረጡት ሰባት ሰዎች ስማቸው ሁሉ የግሪክ ነበር። ስለዚህ ለወጣቶች የእንግሊዝኛ አምልኮ የከፈቱ አብያተ ክርስቲያናት ስህተት ሠሩ አልልም። ልጅ አማርኛ ስላልቻለ ወንጌል ሊጎድልበት አይገባም። ነገር ግን አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ወላጅ የልጁን ጸሎት፣ ልጅም የእናቱን ምስክርነት ሳይሰሙ ዓመታት እንዳያልፉ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ አብሮ ማምለክ ያስፈልጋል።

የቅዳሜ የፊደል ትምህርትም ጥሩ ነው። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው የቆጠረ ልጅ 231 ቅርጽ አውቋል። ነገር ግን የማይናገረውን ቋንቋ የሚያነብ ልጅ ዜማ እንጂ ትርጉም አይዝም፤ ወሬው ይቅደም።

አንድ ነገር ለታላላቆቻችን ልጨምር። እንግሊዝኛ አንተን፣ አንቺንና እርስዎን በአንድ ቃል ይጠራል። ስለዚህ ልጁ ሽማግሌውን «ና፣ ቁጭ በል» ቢል ድፍረት አይደለም፤ «ይምጡ፣ ይቀመጡ» የሚለውን ገና አልለመደም። «ጠ» እና «ቀ»ም በምላሱ ላይ ይከብዱታል፤ «ጠራ» ሊል ፈልጎ «ተራ» ይላል። አዳራሹ ሲስቅበት በሚቀጥለው እሁድ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላም አይሞክርም። ሳትስቁ ትክክለኛውን ቃል በመልሳችሁ ውስጥ ደግሙለትና ወሬውን ቀጥሉ። ቀኑ እንዴት እንደዋለ ጠይቁት፤ ቃል ሲጠፋው በእንግሊዝኛ ቢሞላውም እስኪጨርስ ታገሡት።