ስለ አንድ አሳሳች ስም መለወጥ

በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የማኅደረ ትውስታን ቦታ ከሚያድሉት ፈንክሽኖች አንዱ «ኬዜድ-አሎክ» ይባላል። «ዜድ» የተባለችው ፊደል ዜሮን ታመለክታለች፤ ይኸውም ቦታው ለጠያቂው የሚሰጠው በዜሮ ተሞልቶ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 «ኬዜድ-ፍሪ» ተጨመረ። ይህ ደግሞ ቦታው ሲለቀቅ በውስጡ የቀረውን ይደመስሳል፤ የምስጢር ቁልፍ የነበረበት ቦታ ሳይጠረግ ለሌላ ቢታደል ምስጢሩ ሊወጣ ይችላልና።

ሁለቱ በስም መንታ ይመስላሉ፤ በአጠቃቀም ግን ዝምድና የላቸውም። ስማቸውን አይቶ በአንደኛው የተወሰደ ሁሉ በሁለተኛው ይለቀቅ የሚል ቢገኝ አንፈርድበትም፤ ጉዳቱም ከንቱ ድካም ብቻ ነው። እኛን የሚያሳስበን ግልባጩ ነው፤ «ዜድ» በሌለው «ኬ-ማሎክ» ቦታ ወስዶ ቁልፍ ያኖረ ሰው፥ በተለመደው «ኬ-ፍሪ» ሲለቀው ምስጢሩ እንደ ተጻፈ ሊቀር ይችላል።

ሊነስ ቶርቫልድስም ይህን የስም መመሳሰል አሳሳች ነው ሲል ነቀፈው፤ በመልቀቅ ጊዜ ዜሮው ራሱ ቁም ነገር አይደለም፥ ሌላ ቁጥር ቢጻፍበትም ምስጢሩ ይጠፋል። ስለዚህ በ2020 ስሙ «ኬፍሪ-ሴንሲቲቭ» ተባለ፤ ጥንቃቄ የሚሻውን ልቀቅ እንደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት መደምሰሱም ተጠናክሯል፤ ኮምፓይለር ብልጥ ነውና፥ ከእንግዲህ የማይነበብን ቦታ መጥረግ ትርፍ ሥራ መስሎት ሊዘለው ይችል ነበር።