ለባሕር ማዶ ትምህርት የሚሰናዳ ተማሪ ደስታ

የሠርግ ደስታ በዘመድ መካከል ይፈጸማል፤ የመከር ደስታም በአውድማ ላይ ይታያል። ለትምህርት ከአገሩ የሚወጣ ተማሪ ደስታ ግን ገና ያላየውን በተስፋ የሚያይ ስለ ሆነ ከፍርሃት ጋራ የተቀላቀለ ነው።

ለምሳሌ ያህል የእርሻን ትምህርት ለመማር ከቆቦ ወደ ሕንድ አገር ለመሄድ የተሰናዳ አንድ ወጣት ቢታሰብ፥ የመንገዱ ቀን እስኪደርስ እንቅልፍ አይወስደውም። ፓስፖርቱን በቀን ብዙ ጊዜ እያወጣ ይመለከታል፤ መልሶም ያስቀምጣል። እናቱ ግን በሶውንና በርበሬውን ስትሰንቅለት «ልጄ በሰው አገር ቢታመም ማን ያስታምመዋል?» እያለች በልቧ ታዝናለች። አባቱም «ሂድ፥ እግዚአብሔር ይከተልህ፤ ነገር ግን አገርህን አትርሳ» ብሎ ይመርቀዋል።

እንዲህ ያለው መንገድ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኵፋዳውን አንግቦ፥ ለቅኔ ወደ ዋድላ፥ ለድጓ ወደ ቤተልሔም ሲሄድ የዘመድ ፍቅር ከትምህርቱ እንዳያስቀረው ብሎ ከአገሩ ይርቅ ነበር። ከእስያ ጋራ ያለው ግንኙነትም የቆየ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የክርስትናን ትምህርት በአክሱም ያስፋፋው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የጢሮስ ሰው ነበር። በኋላ ዘመንም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው በሄዱ ጊዜ ያዩትን ለብቻቸው አላስቀሩትም፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፍ ጽፈው ለአገራቸው ሰው አካፈሉ። ከጠላት ወረራ በኋላም ብዙ የሕንድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። ዛሬም ብዙ ኢትዮጵያውያን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሕንድ፥ ወደ ቻይናና ወደ ጃፓን ይሄዳሉ።

የቆቦ ልጅ ከሕንድ ምን ያመጣል ቢባል፥ መልሱ በራያ ቆላ እርሻ ላይ ይገኛል። ምድሩ ለም ነው፤ ዝናሙ ግን አይታመንም። ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጐርፍ በቦይ እየጠለፈ ማሽላውን ያጠጣል። ደጋሌትና ጅጉርቲ የተባሉት የአገሩ ማሽሎች የተወደዱ ቢሆኑም ዘግይተው ስለሚደርሱ ዝናሙ ቀድሞ ሲቋረጥ ሳያፈሩ ይደርቃሉ። ከዚህም በላይ አቀንጭራ በሥራቸው ተጣብቆ ኃይላቸውን ይመጠዋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ ላይ የደረሰው ረኃብ አይረሳም፤ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የደረሰው ጦርነትም ቆቦን እጅግ ጐድቷታል።

ማሽላ ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ተነሥቶ በጥንት ዘመን ወደ ሕንድ የተሻገረ እህል ነው። በሐይደራባድ ከተማ አጠገብ በፓታንቸሩ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው ኢክሪሳት የተባለው የምርምር ተቋም፥ ዝናም ለሚያንሳቸው አገሮች የሚስማማውን ማሽላና ሽምብራ ሲመረምር ኖሯል። ስለዚህ ከቆቦ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ የአባቶቹን እህል ተከትሎ እንደሚሄድ ይቈጠራል። ባሕር ማዶ የተማረ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችልም ታይቷል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በአሜሪካ ተምረው፥ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ለኢትዮጵያ ገበሬ ከተሰጡት ከነዚህ ዘሮች አንዱ ጎብዬ ይባላል፤ ይህም በራያ ቆቦ የምትገኝ ከተማ ስም ነው።

እንግዲህ ተማሪው ደስታው በአውሮፕላን ማረፊያ እንዳያልቅ፥ የሄደበትን ምክንያት ዘወትር ማሰብ ይገባዋል። የባዕድ አገር ከተማ ውበት ዓይንን ይማርካል፤ ነገር ግን ደርቆ የቀረ የማሽላ አገዳ ከልቡ መጥፋት የለበትም። ካህናቱም እናቱን ሊያጽናኑ፥ ተማሪውንም በጸሎት ሊያስቡ ይገባቸዋል። የሁሉ የሚበልጠው ሸክም ግን በሹማምንት ላይ ነው። ተምሮ የተመለሰውን ሰው ከትምህርቱ ጋራ በማይገናኝ ሥራ ማስቀመጥ፥ ወይም በደጅ ጥናት ማንከራተት፥ የተመረጠን ዘር ከጐተራ አውጥቶ በጭንጫ ላይ እንደ መዝራት ነው። ተመልሶ ሥራ ያላገኘም ሰው ሁለተኛ ሲሄድ እንዳይመለስ ሆኖ ይሄዳል።

ዕውቀቱ በቆቦ እርሻ ላይ ፍሬ ሲያፈራ፥ የአባቱ ምርቃት ይፈጸማል፤ የእናቱም ሐዘን ወደ ደስታ ይለወጣል።