«የማን ቀረጻ ነው?» የክላሲካል ሙዚቃ ወዳጆች ይህን ጥያቄ የማይተዉት ለምንድን ነው?

ዛሬ ከወትሮው ትንሽ ለየት ያለ ነገር ይዘናል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ክላሲካል ሙዚቃ የሚወድ ሰው አግኝታችሁ «ዛሬ ምን እየሰማህ ነው?» ብትሉት «ቤትሆቨን» ብሎ አያበቃም። «ቤትሆቨን፣ ሲምፎኒ ቁጥር 5፣ ካርሎስ ክላይበር፣ ቪየና ፊልሃርሞኒክ፣ 1974፣ ዶይቸ ግራሞፎን» ይላችኋል። ላልለመደው ሰው የመታወቂያ ቁጥር የሚያነብ ነው የሚመስለው። ጉራም ይመስላል። እውነት ለመናገር አንዳንዱ ጉራ ነው። አብዛኛው ግን አይደለም፤ ያንን ሁሉ ካልነገራችሁ ምን እንደሰማ በትክክል አታውቁም።

ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። ታክሲ ውስጥ «ትዝታ ክፈትልን» ብትሉ ሹፌሩ «የማንን?» ማለቱ አይቀርም። የመሐሙድ አህመድ፣ የበዛወርቅ አስፋው፣ የአስቴር አወቀ፣ የካሳ ተሰማ... ሁሉም ትዝታ ነው፤ አንዱ ግን በሌላው አይተካም።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ ትዝታ ላይ ድምፃዊው ግጥሙን ይቀይራል፣ ዜማውን እንደፈለገ ያሽሞነሙነዋል። ክላሲካል ላይ ግን ኖታው ተጽፎ አልቋል። ተጫዋቹ አንዲት ድምፅ እንኳ መጨመር አይጠበቅበትም። ታዲያ ሁሉም ያንኑ ወረቀት እያዩ ከተጫወቱ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

መልሱን በአንድ ሰው እንየው።

ዮሐን ሴባስቲያን ባህ በ1741 ያሳተመው «የጎልድበርግ ቫሪየሽኖች» የሚባል ሥራ አለ። አሪያ በሚባል አንድ ረጋ ያለ መነሻ ይጀምራል፤ ከዚያ በዚያው መሠረት ላይ የተሠሩ 30 የተለያዩ ክፍሎች ይከተላሉ፤ መጨረሻ ላይ አሪያው ተመልሶ ይመጣል። ካናዳዊው ፒያኖ ተጫዋች ግሌን ጉልድ ይህን ሥራ በ1955 ኒውዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ ስቱዲዮ ቀረጸው። ገና የ22 ዓመት ልጅ ነበር። ሙሉውን በ38 ደቂቃ ተኩል ገደማ ጨረሰው። ሸክላው ወጥቶ ልጁን ታዋቂ አደረገው።

በ1981 ይኸው ሰው፣ በዚያው ስቱዲዮ፣ ያንኑ ሥራ እንደገና ቀረጸ። አሁን 51 ደቂቃ ፈጀበት። የተወሰነው ጭማሪ አንዳንድ ክፍሎችን ደግሞ ስለተጫወታቸው ነው፤ ሁሉም ግን በዚህ አይገለጽም። አሪያዋን ብቻ አወዳድሩ። በ1955 ሁለት ደቂቃ አልሞላችም። በ1981 ሦስት ደቂቃ ገደማ ናት፤ ኖታዋ ያው ነው። የመጀመሪያው ወደሚቀጥለው ለመድረስ የቸኮለ ወጣት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱን ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ የሚጠብቅ ሰው ነው። ጉልድ በጥቅምት 1982፣ 50 ዓመት በሞላው በቀናት ልዩነት፣ ሞተ። አዲሱ ሸክላ ገና መውጣቱ ነበር።

በነገራችን ላይ ጉልድ ሲጫወት ያንጎራጉራል። ኢርፎን አድርጋችሁ ከሰማችሁት ከፒያኖው ጀርባ የሰው ድምፅ ይሰማችኋል። የስልካችሁ ችግር እንዳይመስላችሁ!

ስለዚህ አንድ ሰው «ጎልድበርግን እየሰማሁ ነው» ሲል ወሬው ገና አልተጀመረም። የትኛውን? የ55ቱን ነው የ81ዱን? ወይስ ቫንዳ ላንዶቭስካ በ1933 በሃርፕሲኮርድ የቀረጸችውን? (ባህ የጻፈው ለሃርፕሲኮርድ ነው፤ ፒያኖ ያኔ ገና አልተስፋፋም ነበር።)

አሁን ያቺን ረጅም መስመር ማንበብ እንችላለን። መጀመሪያ የደራሲው ስም ይመጣል፣ ከዚያ ሥራው። «ኦፐስ 67» ሲባል ለሥራው የተሰጠ ተራ ቁጥር ነው። ሞዛርት ላይ የምታዩት «ኬ» ፊደል የኮሸል ነው፤ ኮሸል የሞዛርትን ሥራዎች ሰብስቦ ቁጥር የሰጠና በ1862 ያሳተመ ሰው ነው። ከዚያ የሚጫወተው፣ ኦርኬስትራ ከሆነ የሚመራው። ዓመቱም ትርጉም አለው። የድሮው ሸክላ በአንድ ገጹ ከአራት አምስት ደቂቃ በላይ ስለማይዝ አንድ ሲምፎኒ ተቆራርጦ ነበር የሚቀረጸው። ረጅሙ ሸክላ የመጣው በ1948 ነው። ስለዚህ «1933» የሚል ስታዩ የሚያሽካካ ድምፅ ጠብቁ።

ይህን መስመር መሳት ምን እንደሚያስከትል ያሳየ አንድ ጉድ አለ።

ጆይስ ሃቶ የምትባል እንግሊዛዊት ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። በ1970ዎቹ ከመድረክ ራቀች። ከብዙ ዓመት በኋላ ባሏ በሚመራው «ኮንሰርት አርቲስት» በተባለ ትንሽ አሳታሚ በኩል በስሟ ሲዲዎች መውጣት ጀመሩ። አሥር ሃያ አይደለም፤ ከመቶ በላይ! ሊስት፣ ብራምስ፣ ራህማኒኖፍ፣ ሾፓን፣ የሌለ የለም። የሚነገረው ታሪክ ልብ ይነካል። በካንሰር የምትሠቃይ፣ ዓለም የረሳት አሮጊት፣ ቤቷ ተዘግታ ይህን ሁሉ ትጫወታለች። መጀመሪያ ወዳጆች እርስ በርስ «ይቺን ስሟት» እየተባባሉ አስተዋወቋት። ቀጥሎ ሃያሲያን አወደሷት። ሰኔ 2006 በ77 ዓመቷ ስትሞት ጋዜጦች በአድናቆት ሸኟት።

የካቲት 2007 ላይ አንድ አድማጭ የሊስት ሥራ ያለበትን የሃቶን ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተው። አይቲዩንስ የሲዲውን ማንነት ሲያወጣ የሃቶን ስም አላሳየም። «ላስሎ ሲሞን» አለ።

እንዴት አወቀ? የተለመደው የሙዚቃ ሲዲ አብዛኛውን ጊዜ የዘፋኙ ስም አይጻፍበትም። ኮምፒውተሩ የሚያነበው ስንት ክፍል እንዳለና እያንዳንዱ ስንት እንደሚረዝም ነው፤ ርዝመቱን እስከ ሰከንድ አንድ ሰባ አምስተኛ ይለካል። ያንን ኢንተርኔት ላይ ካለ መዝገብ ጋር ያመሳስላል። ሁለት ሰዎች አንድን ሥራ ለየብቻ ተጫውተው በዚያ ልክ ሊገጥሙ አይችሉም ማለት ይቻላል። አድማጩ ነገሩን ለአንድ ሃያሲ ነገረው፤ «ግራሞፎን» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት የድምፅ ባለሙያ አስጠራ። ባለሙያው የሁለቱን ሲዲ የድምፅ ሞገድ አንዱን በአንዱ ላይ አስቀምጦ አየው። አንድ ነው።

ከዚያ ሌሎቹም ተመረመሩ። አንዱ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ የተወሰደ ሆነ። እንዳይታወቅ ፍጥነታቸው የተቀየረም ነበሩ። ኦርኬስትራ ያለባቸው ሲዲዎች ላይ የተጻፈው «ሬኔ ኮህለር» የተባለው መሪ ደግሞ ጭራሹን የሌለ ሰው ነው። ባልየው መጀመሪያ ካደ። በኋላ የላስሎ ሲሞንን ሲዲ ላሳተመው «ቢስ» ለተባለው የስዊድን ኩባንያ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፎ አመነ። ሚስቱ ስትጫወት ከሕመሟ የተነሳ የምታሰማውን ሲቃ ለመሸፈን ብሎ ከሌሎች ቀረጻ ቁርጥራጭ ማስገባት እንደጀመረ ተናግሯል። ማመን አለማመን የናንተ ነው።

እኔን የገረመኝ ሌብነቱ አይደለም። በሃቶ ስም ሲወጣ ስንት የተባለለት ያ ቀረጻ በራሱ በላስሎ ሲሞን ስም ገበያ ላይ ነበር። ድምፁ ያው ነው። ግን ያን ያህል አልተጮኸለትም፤ ምክንያቱም የሚያስለቅስ ታሪክ አልነበረውም። ወዳጆቹ ታሪኳን ከሙዚቃው ጋር አብረው ሰሙ፣ ጆሯቸውም አብሮ ተሸወደ። ሊያድናቸው ይችል የነበረው ያው አሰልቺ ጥያቄ ነው። የት ተቀረጸ? የትኛው ኦርኬስትራ? ይህ መሪ ሌላ የት ሠርቷል? ቀድመው የጠረጠሩ ጥቂት ሰዎችም መነሻቸው ይህ ነበር።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። የሙዚቃ አፖች የተሠሩት ለዘፈን ነው፤ «ዘፋኝ» እና «ርዕስ»፣ አለቀ። አራት ክፍል ያለው ሲምፎኒ እዚያ ሲገባ አራት «ዘፈን» ይሆናል። ሻፍል ካደረጋችሁት ሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ ይመጣል፤ ፊልምን ከመሃሉ እንደመጀመር ማለት ነው። «ለጥናት የሚሆን ፒያኖ» የሚሉት ቪዲዮዎች ላይ ደግሞ የሚጫወተው ሰው ስም ጭራሹን አይጻፍም። ችግሩ ስለታወቀ ነው አፕል በ2021 «ፕራይምፎኒክ» የተባለውን የክላሲካል አገልግሎት ገዝቶ በ2023 ለክላሲካል ብቻ የሚሆን አፕ ያወጣው።

ቪዲዮ ለምትሠሩ ደግሞ አንድ የሚጠቅም ነገር። «ባህ በ1750 የሞተ ሰው ነው፣ ማን ይከሰኛል?» ብላችሁ ከጀርባ ሙዚቃውን አስገብታችሁ ቪዲዮአችሁ ሊታገድ ይችላል። ነፃ የሆነው ድርሰቱ ነው፤ ቀረጻው ባለቤት አለው። እዚህም ጥያቄው «የማን ቀረጻ ነው?» ነው። መውጫ ግን አለ። ኪሚኮ ኢሺዛካ የተባለች ፒያኖ ተጫዋች ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ ጎልድበርግን ቀርጻ በ2012 ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቃዋለች። «ኦፕን ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ዳውንሎድ አድርጉ፣ ቪዲዮአችሁ ላይ ጫኑት፣ የሚጠይቃችሁ የለም። ስሟን ብትጽፉላት ደግሞ ምን ይጎዳችኋል?

ይህ ሁሉ እኛም ቤት ደርሷል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ካይሮ ድረስ ሄደው ሙዚቃ የተማሩ፣ በኋላ ግሸን ማርያም የመነኮሱ፣ ከ1984 ጀምሮ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም የኖሩ ፒያኖ ተጫዋችና ደራሲ። በ2006 «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ አልበም 21ኛ ቁጥሩን ለእሳቸው ሲሰጥ ዓለም አወቃቸው። መጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ።

እስካሁን «የእማሆይን ክፈት» ስንል «የማን ቀረጻ?» የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ የምንሰማው እሳቸው ራሳቸው የተጫወቱትን ነው። በ2013 ግን እስራኤላዊቷ ሙዚቀኛ ማያ ዱኒትዝ ያገዘችበት የኖታ መጽሐፍ ታተመላቸው። ኖታ ወጣ ማለት ሌላ ሰው ፒያኖ ላይ አስቀምጦ መጫወት ቻለ ማለት ነው፤ ሌሎች ፒያኖ ተጫዋቾችም ጀምረዋል። አንዱ ያፈጥነዋል፣ አንዱ ያረጋዋል፤ እሳቸው የሚያዘገዩባትን ቦታ ሌላው ዝም ብሎ ሊያልፋት ይችላል። የባህ ነገር የእማሆይም ሊሆን ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ዩቲዩብ ላይ ስታገኟቸው፣ የምትሰሙት ጣት የእሳቸው ነው ወይስ የሌላ ሰው፣ ከስር የተጻፈውን ከፍታችሁ እዩ።