ሽማግሌ ሊመጣ ሲል

ትልቋ ልጄ ሽማግሌ ሊላክ መሆኑን የነገረችን ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። የባለቤቴ ዓይን ወዲያው ያረፈው የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነበር። ቤታችን አባቴ ያሠራው የጭቃ ቤት ነው፤ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ቀለሙ ግን ደብዝዟል። እሷ የፈለገችው አሁን በየቤቱ የምናየውን፣ እንደ ስዕል ፍሬም በአራት ማዕዘን ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ጌጥ ነው። ባለሙያ የጠየቀንን ዋጋ ስንሰማ «ታዲያ ድግሱ በምን ይደገስ?» ተባባልን። እኔና የ17 ዓመቱ ልጄ እንሠራዋለን አልኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ልጅ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ካወራን ቆይተናል።

ጌጡ በጄሶም፣ በእንጨትም፣ በፎምም አለ። የጭቃ ግድግዳ ሚስማር አጥብቆ አይዝም፣ ጄሶ ደግሞ ይከብዳል፤ ስለዚህ መርካቶ ወርደን ቀላሉን ፎም ገዛን። ማጣበቂያው ላይ ልሳሳት ነበር። ቤት ያለው ማስቲሽ ይበቃል ብዬ ቁራጭ ላይ ብሞክረው ፎሙን አቅልጦ በላው። በውሃ የሚቀጥን ኮላ ገዛን፤ ቀለሙም እንደዚያው ቲነር የሌለው መሆን አለበት። ቁራጭ ላይ መሞከሬ በጀኝ።

የተነሳውን ቀለም ፍቀን፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተን፣ አቧራውን ጠረግን። ይህን ልዘለው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ኮላው የያዘው የተነሳ ቀለም ከሆነ ጌጡም አብሮ ይወርዳል።

ከዚያ ስሌቱ መጣ። ግድግዳው 4 ሜትር ከ20 ነው። ሦስት ፍሬም፣ ከዳርና ከመካከል አራት ክፍተት፣ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር። 60 ሲቀነስ 3 ሜትር ከ60 ይቀራል፤ ለሦስት ሲካፈል እያንዳንዱ ፍሬም 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። እኔ እስክሪብቶ ስፈልግ ልጄ በቃሉ ጨርሶታል።

እኔ ከኮርኒሱ 10 ሴንቲ እየለካን እንሂድ አልኩ። እሱ ውሃ ልኩን አስደግፎ «አባዬ፣ ኮርኒሱ ራሱ ዘሟል» አለኝ። ከግራ ወደ ቀኝ 3 ሴንቲ ወርዷል! ተወልጄ ያደግኩበት ቤት ነው፣ አንድም ቀን አላየሁትም። ኮርኒሱን ብንከተል ፍሬሙ ይዘማል፤ ውሃ ልኩን ብንከተል ከላይ ያለው ክፍተት እየጠበበ ሄዶ ያስታውቃል። መላ ያገኘው እሱ ነው። በውሃ ልክ እንሥራ፣ ግን ከኮርኒሱ 30 ሴንቲ እንራቅ አለ። ክፍተቱ 10 ሴንቲ ሲሆን የ3 ሴንቲ ልዩነት ይጮኻል፤ 30 ሲሆን ዓይን አይዘውም።

የተጣላነው ሲቆረጥ ነው። የእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ጫፍ በ45 ዲግሪ፣ ፊት ለፊት ተያይቶ መቆረጥ አለበት። ሦስቱ ግን ሁለቱም ጫፋቸው ወደ አንድ ጎን ዘሞ ተቆርጧል፤ ማዕዘን አይገጥሙም። «ስልክህን እያየህ ነው የቆረጥከው!» ብዬ ጮኽኩበት። መጋዙን አስቀምጦ ወጣ። ቁራጮቹን ሳነሳ የእርሳሱን መስመር አየሁት። ያሰመርኩት እኔ ነበርኩ። እሱ የቆረጠው በመስመሬ ላይ ነው።

እናቴ ሶፋው ላይ ጥጥ ትፈትል ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። «በል ውጣና ጥራው» አለችኝ። በእኛ ዘመን አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አላየሁም፤ የእኔም አባት ጠይቆኝ አያውቅም። በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም። ከዚያ በኋላ እሱ አሰመረ፣ እኔ ቆረጥኩ።

የማዕዘኑን ስንጥቅ በስቱኮ ሞልተን፣ ሲደርቅ አሽተን፣ ጌጡንም ግድግዳውንም አንድ ዓይነት ቀለም ሁለት እጅ ቀባነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ሄዱ። ስለ ግድግዳው አንዳቸውም ያሉት የለም፤ ባለቤቴ ትንሽ ተቀይማለች።

አሁን እናቴ የእኔም ክፍል ይሠራልኝ ብላለች። ዛሬ ጠዋት ልጄ ሜትርና ውሃ ልኩን ይዞ ገባ። እኔን አልጠራኝም፤ እርሳሱን ግን በሩ አጠገብ ትቶልኛል።