ስኪን ብቻውን ለሚጀምር የሐዋሳ ሰው

ሐዋሳ ከስካንዲኔቪያ አገሮች ጋር ያላት ትውውቅ ቆየት ያለ ነው። የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ከስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ኦስ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ጋር ለረጅም ዓመታት አብረው ሠርተዋል። በዚህ መስመር ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ወደዚያ የሄዱ የሐዋሳ መምህራንና ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም። እዚያ የሚደርስ ሰው ቅዝቃዜውን ይለምደዋል፣ ጨለማውንም ይችለዋል። የፋሲካ ዕረፍት ሲመጣ ግን ቢሮው ጭር ይላል፤ የሥራ ባልደረቦቹ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪያቸውን መኪና ላይ ጭነው ወደ ተራራ ሲወጡ እሱ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ለምን ቀረህ ቢባል የሚሰጠው ምክንያት ሁለት ነው፤ አንድም ስኪ አይችልም፣ አንድም አብሮት የሚሄድ ሰው የለውም። ሁለቱም ምክንያቶች ከቤት ለመቅረት አይበቁም ባይ ነኝ። እንዲያውም ስኪ ለጀማሪ፣ ያውም ብቻውን ለመጣ ጀማሪ፣ ታስቦበት የተደራጀ ነገር ነው፤ ይህን ለማየት ግን መሣሪያውንና ትምህርት ቤቱን ቀረብ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

ስኪ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በቴሌቪዥን ያየነው፣ ከተራራ አናት እየተወረወረ የሚወርድ ሰው ነው። ይህ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው፤ ያውም ታናሹ። ታላቁ በሜዳና በጫካ ውስጥ የሚኬድበት የአገር አቋራጭ ስኪ ነው። በሰሜን ስዊድን ካልቭትሬስክ በተባለ ቦታ ከረግረግ ውስጥ የወጣ የእንጨት ስኪ ዕድሜው ከ5,000 ዓመት ያልፋል፤ የዚያ ዘመን ሰው ስኪን የሠራው ለጨዋታ ሳይሆን አውሬ ለማደንና ከቦታ ቦታ ለመሄድ ነው። ዛሬም በአገር አቋራጩ ስኪ ላይ የሚታሰረው የጫማው አፍንጫ ብቻ ነው፤ ተረከዙ እንደ እርምጃ ይነሳል፣ ይወርዳል። በቁልቁለቱ፣ አልፓይን በሚባለው ስኪ ግን ተረከዙም ይታሰራል፤ ሰውን ሽቅብ የሚያወጣውም ጉልበቱ ሳይሆን በገመድ የሚሄደው ሊፍት ነው።

የቁልቁለቱ መሣሪያ ጀማሪውን እንዴት እንዳሰበው ከአስተሳሰሩ ይታወቃል። ጫማው ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ቁርጭምጭሚትን እስከ ባት ድረስ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው በመጀመሪያ የጫማውን አፍንጫ ከፊተኛው ማሰሪያ ሥር ያስገባል፤ ቀጥሎ በተረከዙ ወደ ታች ሲረግጥ የኋለኛው ማሰሪያ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። የዚህ ማሰሪያ ዋና ሥራው ግን መያዝ ሳይሆን መልቀቅ ነው። ሰው ሲወድቅ እግሩ ከረጅሙ ስኪ ጋር አብሮ ቢጠመዘዝ አጥንት ይሰበራል፤ ስለዚህ የሚጠመዝዘው ኃይል ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ማሰሪያው በራሱ ይከፈታል። ልኩ የሚስተካከለው በሰውየው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ በጫማው ርዝመትና በችሎታው ነው። አከራዩ እነዚህን ሁሉ የሚጠይቀው ለወግ አይደለም። ጀማሪ ነኝ ላለ ሰው ማሰሪያው ቶሎ እንዲለቅ ተደርጎ ይስተካከላል፤ ኀፍረት ይዞት እችላለሁ ያለ ሰው ግን ሲወድቅ ቶሎ የማይከፈት ማሰሪያ ተሸክሞ ይወጣል። የጉልበት ጅማት በስኪ ሜዳ ላይ በብዛት ከሚጎዱት የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነውና እውነቱን መናገር ከሁሉ የረከሰው መከላከያ ነው።

ማቆሙና መዞሩም እንደሚፈራው አይደለም። ጀማሪው የሁለቱን ስኪዎች ጫፍ ከፊት አቀራርቦ ኋላቸውን ይከፍታል፤ ከላይ ሲታይ እግሮቹ የ‹ለ› ፊደልን ቅርጽ ይሠራሉ። የስኪው የውስጥ ጠርዝ ብረት በረዶውን ይቆነጥጣል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል፤ የ‹ለ›ው እግር በሰፋ መጠን ፍሬኑ ይጠብቃል። መዞር ሲፈልግ ክብደቱን ወደ ቀኝ እግሩ ካደረገ ወደ ግራ ይዞራል፤ ወደ ግራ ካደረገ ወደ ቀኝ። የቁልቁለት ስኪ መሠረት ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወገቡ ቀጠን፣ ጫፍና ጫፉ ሰፋ ያለ አጭር ስኪ በመስፋፋቱ መዞር ከበፊቱ ቀልሏል።

ይህን ማን ያስተምራል ለሚለው መልሱ የስኪ ትምህርት ቤት ነው፤ ክርክሬም በዋናነት የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ኦስትሪያዊው ሐኔስ ሽናይደር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1921 ሳንክት አንቶን በተባለች መንደር ትምህርት ቤቱን ሲከፍት ያደረገው ትልቅ ነገር ተማሪዎችን በችሎታ መመደብና ትምህርቱን ደረጃ በደረጃ መስጠት ነው። ዛሬ በየተራራው ያለው አሠራር ከዚያ የወጣ ነው። ጀማሪዎች በቡድን ይሰበሰባሉ፤ የሚሰጣቸው ሜዳ ዝንባሌው እምብዛም የማይታወቅ ነው፤ ሽቅብ የሚያወጣቸውም መሬት ላይ የተዘረጋ፣ ቆመው የሚሄዱበት ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት መንገዶች በቀለም የተለዩ ናቸው፤ በፈረንሳይ አረንጓዴው ቀላሉ ነው፣ ሰማያዊው ይከተላል፣ ቀዩ ይከብዳል፣ ጥቁሩ የባለሙያ ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ቀላሉ ከሰማያዊ ይጀምራል። ከፊት ያለው ሰው ቅድሚያ እንዳለውና ከላይ የሚመጣው መጠንቀቅ እንዳለበት ደግሞ የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ደንብ ይደነግጋል። እንግዲህ ቀስ ብሎ የሚወርደው ጀማሪ ከኋላው ያለውን እያየ የሚሳቀቅበት ምክንያት የለም፤ ደንቡ ከእሱ ጋር ነው።

ብቻውን የመጣ ሰው ከጓደኛ ጋር ከመጣው የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛ የሚያስተምረው ራሱ ከረሳው ነገር ተነስቶ ነው፤ እሱ ሳያስብ የሚያደርገውን ጀማሪው ሊያውቀው አይችልም። ጓደኛ ቀላሉ ሜዳ ይሰለቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ «ና፣ ትችለዋለህ» ብሎ ወደ ቀዩ መንገድ ይወስደዋል። እንቢ ማለት ደግሞ በእኛ ወግ ቀላል አይደለም፤ ይሉኝታ ይይዛል። ብቻውን የመጣው ግን ከአስተማሪውና እንደሱ ከሚንገዳገዱ ሰዎች በስተቀር የሚያየው የለም። ሲደክመው ያርፋል፤ ሲፈራ እዚያው ሜዳ ላይ ይደግማል። በስኪ አደገኛው ብቸኝነት ሳይሆን ከችሎታ በላይ መውጣት ነው፤ ከችሎታ በላይ የሚያወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባልንጀራ ነው።

«ብቻውን ቢወድቅስ ማን ያነሳዋል?» የሚለው ጥያቄ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ኖርዌይ ራሷ በዚህ ላይ ሐሳቧን ቀይራለች። በ1967 ፋሲካ በርካታ ሰዎች ተራራ ላይ ከሞቱ በኋላ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው የተራራ ደንብ በሰፊው ተሰራጨ፤ ከዘጠኙ ሕጎች አንዱ ብቻህን አትሂድ የሚል ነበር። ደንቡ በ2016 ሲታደስ ያ ሕግ ወጥቶ፣ ጉዞህን አቅድ፣ የምትሄድበትንም ለሰው ተናገር፣ ጉዞውን ከችሎታህ ጋር አመጣጥን የሚሉት ቀደሙ። ይህ ለውጥ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሰውን የሚያድነው የአጃቢ ቁጥር ሳይሆን የቦታው ምርጫ ነው። በተከለለውና ምልክት ባለበት መንገድ ላይ የነፍስ አድን ሠራተኞች ይዞራሉ፤ ማታ ሜዳው ሲዘጋ ማንም እንዳልቀረ ለማየት መንገዱን ከላይ እስከ ታች ይፈትሹታል። ከክልሉ ውጭ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የበረዶ ናዳ የቀበረው ሰው በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊያወጣው የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ ያለ ጓደኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚሄድ ሰው፣ ጀማሪም ይሁን ባለሙያ፣ ከምልክቱ ውጭ አንድ እርምጃ መውጣት የለበትም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባህላችን የሚመጣ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ ሐዋሳም መዝናናትን የምታውቀው በጋራ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ የሚበላው ከወዳጅ ጋር ነው፣ ፍቅር ሐይቅ ጀልባ የሚሳፈረው ቤተሰብና ጓደኛ ነው፤ የፍቼ ጨምበላላ በዓልም ጉዱማሌ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ይከበራል። ለብቻው ሐይቅ ዳር የተቀመጠ ሰው ሲታይ ምን ሆኖ ይሆን መባሉ አይቀርም። ይህ ስሜት የሚናቅ አይደለም፤ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚል ሕዝብ ነን። ሆኖም ስኪ ላይ አብረው የመጡም ቢሆኑ የሚወርዱት ለየብቻ ነው፤ የሌላውን እጅ ይዞ መውረድ አይቻልም። አብሮነቱ ያለው በትምህርት ቡድኑ ውስጥ፣ በሊፍቱ ወንበር ላይና በማዕድ ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ብቻውን ለመጣውም ክፍት ነው። በ1868 የተመሠረተው የኖርዌይ የእግር ተጓዦች ማኅበር በተራራ ላይ የሚያስተዳድራቸው አዳሪ ቤቶች ሠራተኛ ባለባቸው ቦታዎች እራት በጋራ ገበታ ያቀርባሉ። ብቻውን የደረሰ እንግዳ ከማያውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጦ ይበላል፤ ለሐበሻ ከሆቴል ክፍል ይልቅ ይህ ይስማማዋል።

ሦስተኛው ነገር ስኪ የእኛ አይደለም የሚለው ነው። ሰውነታችንም አገራችንም አይፈቅድም ይባላል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ይህ ከስዊዘርላንዷ ዜርማት ይበልጣል፣ ከፈረንሳይዋ ሻሞኒ ደግሞ በብዙ መቶ ሜትር ያልፋል። የባሕር ዳርቻ ሰው በተራራ መንደር የመጀመሪያ ቀን የሚያስጨንቀው የአየር መሳሳት የሐዋሳን ሰው እምብዛም አይከብደውም። የሚከብደው ብርዱ ነው፤ እሱም የአለባበስ ጉዳይ ነው። ከጥጥ የተሠራ ልብስ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛልና በቤት ውስጥ ጋቢ ያህል የሚሞቅ ባይኖርም ለተራራ አይሆንም፤ ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ነው የሚለበሰው። የፀሐይ መነጽርና ቅባትም ለጥቁር ቆዳ አያስፈልግም ማለት ስሕተት ነው፤ በረዶ የፀሐይን ጨረር እንደ መስታወት መልሶ ወደ ፊት ይረጨዋል።

ስኪ የእኛ አይደለም ለሚለው ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም አለ። በ1974 አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል፣ በ1932 እና በ1980 የክረምት ኦሎምፒክን ባስተናገደችው ሌክ ፕላሲድ ስኪን ተማረ። የኢትዮጵያን የስኪ ፌዴሬሽን መሥርቶ በ2006 ቱሪን ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ የተወዳደረ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የክረምት ኦሎምፒክ ተሳታፊ ሆነ፤ በ2010 በቫንኩቨርም ተሳትፏል። በሁለቱም ጊዜ የኢትዮጵያ ቡድን እሱ ብቻ ነበር። የእሱ ታሪክ ጎልማሳ ጀማሪ ስኪ መልመድ እንደሚችል አያረጋግጥም፤ ሮቤል በልጅነቱ የጀመረ ነውና። የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያ መጥቶ ጎማ ባለው ስኪ በአስፋልት ላይ ልምምድ ማድረጉ፣ የአገር አቋራጭ ስኪ ግማሹ ሥራ ሳንባና ትዕግሥት መሆኑን ያሳያል። ሁለቱንም ከዚህ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ገንዘቡ እውነተኛ ችግር ነው፤ በትልልቆቹ የአልፕስ ሜዳዎች የአንድ ቀን የሊፍት ትኬት ብቻ ከ60 ዩሮ ያልፋል። ለተማሪ የምመክረው ግን እነዚያን አይደለም። ስዊድን ውስጥ ፍሪቲድስባንከን የሚባል፣ ከ2013 ጀምሮ የስፖርት ዕቃ ያለ ክፍያ ለ14 ቀን የሚያውስ ድርጅት አለ፤ ስኪውን ከዚያ ወስዶ በከተማ ዳር ባለ መንገድ የአገር አቋራጩን መጀመር ሊፍትም ትኬትም አይጠይቅም። ቀጭኑ ስኪ የብረት ጠርዝ ስለሌለው በቁልቁለት ላይ ለማቆም ከአልፓይኑ ይከብዳል፤ በሜዳ ላይ ግን ውድቀቱ እምብዛም አይጎዳም። ወደ ዱባይ ለሥራ ወይም ለንግድ የሚመላለሰው ደግሞ ከ2005 ጀምሮ በገበያ ማዕከል ውስጥ የተሠራ የስኪ ሜዳ ያገኛል፤ ረጅሙ ቁልቁለት 400 ሜትር ነው፣ ለጀማሪም ትምህርት ይሰጣል።

በመጀመሪያው ቀን ከመዞር በፊት የሚለመደው መነሳት ነው። የወደቀ ሰው ሁለቱን ስኪዎች ከሰውነቱ በታች፣ ቁልቁለቱን አቋርጠው እንዲተኙ ያደርጋል፤ ጫፋቸው ወደ ታች ካየ ገና ሳይቆም ይሄዳሉ። ከዚያ ወደ ዳገቱ በኩል እጁን ተደግፎ ይነሳል። ካቃተው አንዱን ስኪ አውልቆ ይቆማል፤ ነውር አይደለም። ጉዳት የሚበዛው እግር ሲዝል ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አንድ ጊዜ ልድገም አይበል። ብዙዎቹ የካቢን ሊፍቶች ሰውን ቁልቁልም ያወርዳሉ፤ ስኪውን ይዞ ተቀምጦ መውረድ ይችላል።