የወልድያ የእግር ኳስ ክለብና ታላቁ ሜዳው

(በሬዲዮ የተነገረ)



ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ውጫሌን ካለፈ በኋላ ሞቅ ወዳለው የሀብሩ ምድር ይወርድና መርሳን ያገኛል። ከመርሳም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ በተራራ የተከበበችው ወልድያ ትቀበለዋለች። ወልድያ ወደ መቀሌ የሚቀጥለው መንገድና ወደ ወረታ የሚገነጠለው መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ስለ ሆነች፣ ስሟ ለብዙ ዘመን ሲነሣ የኖረው ከገበያዋና ከመናኸሪያዋ ጋር ነበር። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ግን አዲስ አበባ ተቀምጦ ወልድያን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ስሟን በእግር ኳስ ውጤት መካከል ሲጠራ መስማት ጀመረ። በዛሬው ንግግሬ ይህ ክለብ እንዴት እንደ ወጣና እንዴት እንደ ወረደ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ሜዳው ከክለቡ የበለጠበትን ምክንያት ላስረዳችሁ አስቤአለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ክለቡ ወደ ላይኛው ሊግ በገባ ጊዜ «ወልድያ ከነማ» ይባል ነበር። «ከነማ» ማለት ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ የሚጠሩት ብዙዎች ናቸው። ቃሉ «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» የሚለው አጥሮ የተጻፈበት ነው፤ ይኸውም በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ከተቋቋሙት ማኅበራት የመጣ ስም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት የምትገዙበት የከነማ መድኃኒት ቤትም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ማኅበራቱ አልፈው ስማቸው በመድኃኒት ቤትና በኳስ ቡድን ላይ ተርፎ መኖሩ የሚያስገርም ነው። ሆኖም ስሙ አንድ እውነት ይናገራል፤ የዚህ ዓይነቱ ክለብ ባለቤት ፋብሪካ ወይም የጦር ክፍል ሳይሆን ከተማው ራሱ ነው ማለት ነው።

ይህ የከተማ ክለብ የሚባለው ነገር በአገራችን እንዲህ ገንኖ የወጣው ዘግይቶ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረትም ሆነ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ፣ ኳሱ የአዲስ አበባ ኳስ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉትም በከተማይቱ የሚኖሩ የጣልያኖች፣ የግሪኮችና የአርመኖች ቡድኖች እንዲሁም የእንግሊዝ ጦር ልዑካን ቡድን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከክፍላተ ሀገር የአሥመራ ቡድኖችና የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ዋንጫውን ወስደዋል። በ1990 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረ በኋላም ከአዲስ አበባ ውጭ ዋንጫውን መጀመሪያ ያነሣው የሐዋሳው ክለብ ነው፤ እርሱም በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የወልድያ ሰዎች ክለባቸውን ወደ ላይ ሊያወጡ ሲነሡ ከፊታቸው የተጠረገ ሰፊ ጎዳና አልነበረም።

ወልድያ በ2007 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲቀላቀል በሊጉ ውስጥ 14 ክለቦች ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ታች ከሚወርዱት ሁለት ክለቦች አንዱ ወልድያ ሆነ፤ ሁለተኛው ሙገር ሲሚንቶ ነበር። ብዙ የክፍለ ሀገር ክለብ እንዲህ አንድ ጊዜ ወጥቶ ከወረደ በኋላ ሳይሰማ ይቀራል። ወልድያ ግን አንድ ዓመት ብቻ ከታች ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊጉ እንደ ገና አደገ፤ በ2009 ዓ.ም.ም ክለቦቹ 16 ሆነው በተወዳደሩበት ሊግ ሳይወርድ ዓመቱን ፈጸመ። በእኔ አስተያየት የክለቡ ከፍተኛ ሥራ ይህ ነው። በዚያ ዓመት አብረውት ካደጉት ውስጥ ጅማ አባ ቡናና አዲስ አበባ ከተማ ተመልሰው ሲወርዱ እርሱ በቦታው ጸንቷል።

ታላቁ ሜዳም የተከፈተው በዚሁ ዓመት ነው። ክለቡ ቀድሞ ይጫወት የነበረው በመልካ ቆሌ ሜዳ ነበር። በወልድያ ያደጉት ባለ ሀብት ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ከ500 ሚሊዮን ብር በላይ በሆነ ወጪ ያሠሩትና በስማቸው የሚጠራው ስታዲየምና የወጣቶች ስፖርት ማዕከል ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ25,000 በላይ ሰው ተቀምጦ የሚያይበት ነው። ይህን ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር አስተያዩት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የወልድያ ነዋሪ 46,000 ያህል ነበር። በዚያ ቈጠራ መሠረት ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የከተማይቱ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው በአንድ ቀን ሊቀመጥበት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ መቀመጫው ይሞላ ዘንድ ሰው ከመርሳ፣ ከሲሪንቃ፣ ከቆቦና ከሌላውም አካባቢ መምጣት ይኖርበታል። የሀብሩ ወረዳ ብቻውን በዚያው ቈጠራ ከ190,000 በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ሜዳው የተሠራው ለወልድያ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ሁሉ አገር ነው ቢባል ያስኬዳል።

ቀጥሎ የመጣው 2010 ዓ.ም. ክፉ ዓመት ሆነ። በኅዳር ወር መጨረሻ ወልድያ ከመቀሌ ከተማ ጋር ሊጫወት በተዘጋጀበት ቀን በከተማይቱ ግጭት ተነሥቶ ጨዋታው ሳይደረግ ቀረ። በጥር ወርም በጥምቀት ሰሞን በወልድያ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች የሰሜን ወሎ ከተሞች ተዛመተ። የኳስ ሜዳ ከአገሩ ሁኔታ ተለይቶ በሰላም ሊኖር እንደማይችል ያን ዓመት ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። በዓመቱ መጨረሻ ከወረዱት ሦስት ክለቦች አንዱ ወልድያ ሲሆን ሁለቱ አርባ ምንጭ ከተማና ኢትዮ ኤሌክትሪክ ነበሩ። ወልድያም ከዚያ ወዲህ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አልተመለሰም።

አሁን ነገሩን ሁሉ በሁከቱ ላይ ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ሌላውን ምክንያት እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ከማንም ይልቅ ፈጥናችሁ ትረዱታላችሁ፤ ምክንያቱም የበጀት ነገር ነው። የከተማ ክለብ ከመግቢያ ትኬት የሚያገኘው ገቢ ጥቂት ስለ ሆነ፣ የሚበዛው ገንዘቡ ከከተማው አስተዳደር ይመጣል። ይኸውም ከውኃ መስመር፣ ከመንገድና ከትምህርት ቤት ጋር እየተሻማ በየዓመቱ የሚጸድቅ ገንዘብ ነው። ከዚህ ገንዘብ አብዛኛው ለተጫዋቾች ደመወዝና ለፊርማ ክፍያ ይውላል። ተጫዋቹ ግን የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። ውሉ ሲያልቅ ወይም ክለቡ ሲወርድ ሻንጣውን ይዞ የበለጠ ወደሚከፍለው ይሄዳል፤ በዚህም አይወቀስም፤ እንጀራው ነው። ለክለቡ ግን ያወጣው ገንዘብ የተሠራ ቤት ወይም የተገዛ ዕቃ ሆኖ በመዝገብ ላይ አይቀመጥም። በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ደመወዙ ከመጠን እያለፈ በመሄዱ የእግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦቹ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ እስከ መወሰን ደርሰው ነበር።

ከዚህ ላይ የመንገዱን ርቀት ጨምሩበት። ከወልድያ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ለመጫወት የሚሄድ ቡድን አዲስ አበባን አልፎ ገና ብዙ መጓዝ አለበት፤ የመኝታው፣ የምግቡና የነዳጁ ሒሳብም አብሮት ይጓዛል። የአዲስ አበባ ክለብ ግን ከሌላው የአዲስ አበባ ክለብ ጋር ሲጫወት ማታ እቤቱ ያድራል።

ይህን ወጪ የሚያቃልለው አንድ ነገር ቢኖር በአካባቢው ያሉትን ልጆች ማሠልጠን ነው። የመርሳና የሀብሩ ልጅ በትምህርት ቤት ሜዳ ኳስ ሲጫወት የሚያየው፣ መዝግቦ የሚይዘው፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ወደ ወልድያ የሚያመጣው አሠልጣኝ ካለ፣ ያ ልጅ ለክለቡ የሚያስፈልገው ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ያህል አይሆንም፤ ክለቡ ቢወርድም ቤቱ እዚያው ነው። ስታዲየሙ በአንድ ባለ ሀብት ቸርነት ሊቆም ችሏል። ይህ የልጆች ሥራ ግን ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ዓመት ሳይቋረጥ ካልተሠራ ፍሬ አይሰጥም፤ በየዓመቱ የሚጸድቅ በጀት ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት አሻግሮ ማየት አይሆንለትም።

በዚህ ላይ ጦርነት መጣ። ወልድያ ከነሐሴ ወር 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች፤ መርሳና ሀብሩም ከዚህ አላመለጡም። በሌላ በኩል የፕሪሚየር ሊጉ አሠራር ራሱ ተለወጠ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታው በቴሌቪዥን እንዲተላለፍ ሲባል ክለቦች ሁሉ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተሰበሰቡ መጫወት ጀመሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት የተመረጡትም አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ናቸው። ስለዚህ የከተማ ክለብ ታላቁ ጥቅም የሆነው ነገር፣ ይኸውም በገዛ ሜዳው በገዛ ሕዝቡ ፊት መጫወት፣ በሊጉ ውስጥ ላሉትም እንኳ ቀረ።

ስለ ወልድያ ሳስብ ትዝ የሚለኝ አንድ የጣልያን ከተማ አለ፤ ካስቴል ዲ ሳንግሮ ይባላል። በአብሩዞ ተራሮች መካከል የሚገኝና በዚያ ዘመን ነዋሪው ከ6,000 የማይበልጥ ትንሽ ከተማ ነው። ክለቡ ከታችኞቹ ሊጎች ደረጃ በደረጃ ወጥቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ወደ ሁለተኛው የጣልያን ሊግ አደገ። የመጨረሻው ጨዋታ ከአስኮሊ ጋር ነበር። ነገሩ በመለያ ምት ሊወሰን ሲል አሠልጣኙ ያኮኒ በረኛውን ቀይሮ ስፒኖሳ የሚባለውን ተጠባባቂ አስገባ፤ እርሱም ወሳኙን ምት አዳነ። የከተማው ሜዳ ለሊጉ ስላልበቃ ቡድኑ መጀመሪያ በሌላ ከተማ ተጫወተ፤ በኋላም ከነዋሪው ቁጥር የሚበልጥ ሰው የሚይዝ ሜዳ ተሠራለት። በዚያው ዓመት ሁለት ተጫዋቾቹ በመኪና አደጋ ሞቱ። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1998፣ ወረደ፤ ከዚያም ዕዳና ውድቀት ተከታትለው ክለቡ ፈረሰ።

ሜዳው ግን አልፈረሰም። ከ2020 ጀምሮ የኔፕልሱ ታላቅ ክለብ ናፖሊ ክረምት ክረምት ለልምምድ ወደ ካስቴል ዲ ሳንግሮ ይወጣል፤ በተራራው ብርድ የሚለማመደውም በዚያው ሜዳ ነው። ደጋፊውም ተከትሎት ስለሚመጣ በእነዚያ ሳምንታት የከተማው ሆቴሎች ይሞላሉ። ወልድያም ወይና ደጋ ላይ ያለች፣ መንገድ የሚገናኝባት፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ሰላም ካለ፣ የክረምት ልምምድ የሚፈልግ ክለብ ሁሉ ጫማውን ይዞ ቢመጣ የሚለማመድበት ሜዳ አዲስ መሠራት አያስፈልገውም፤ ከ25,000 በላይ መቀመጫ ያለው ስታዲየም በከተማይቱ ውስጥ ቆሟል።